ከእናትህ ራቅ ብለህ አናግረኝ

ይህን ነገር ልጻፈው አልጻፈው ስል ቆይቻለሁ። የከተማዋን ስም አልጠቅስም፤ የሰዎቹንም ስም ለውጫለሁ። ጦይባ ብዬ የምጠራት ሴት እንደምጽፍ ታውቃለች። ጻፊው ብላኛለች። አታሳምሪው ብላም ጨምራለች።

ኮሮና ሲገባ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ ነበር። ደሴ ተወልጄ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ ጥቂት ዓመት በአንድ የእህል መጋዘን ጸሐፊነት ሠርቼ፣ ባሌ ሲሞት ወደ ኦማን የመጣሁ ሴት ነኝ። ልጅ አልወለድኩም። ሙስካት፣ አል ሀይል ሰፈር ውስጥ በአንድ ቤት ከአንዲት ኦማናዊት አሮጊት ጋር ሃያ ሁለት ዓመት ኖሬአለሁ። ማማ ነው የምላት። ስቀጠር ገበያ የምትወጣ ሴት ነበረች፤ በኋላ ግን ከወንበር ወደ አልጋ የምትሄደው በእኔ ክንድ ሆነ። ኑራ የምትባል አስተማሪ ልጅ አለቻት፤ ሦስታችን ነበርን በቤቱ ውስጥ።

ማማን ስደግፍ፣ እኔንስ ማን ይደግፈኛል ማለት ጀመርኩ። የአባታችንን ቤት ወንድሞቼ ሸጠው ተካፍለውታል። ደሴ ቤት ልከራይ ብል ኪራዩ ያጠራቀምኩትን በጥቂት ዓመት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ትንሽ ከተማ መፈለግ ያዝኩ። ኑሮው የማይከብድ፣ ሁለት ክፍል ቤት፣ ጎመንና ቃሪያ የሚተከልበት ጓሮ፣ ጥላ የሚሆን አንድ ሁለት ዛፍ። ከዚህ ሌላ ምኞት አልነበረኝም።

ለዚሁ ብዬ አንድ የተማሪ ደብተር ገዛሁ። ከየወረዳው ከመጡ ሴቶች የሰማሁትን የከተማ ስም እየጻፍኩ ከሥሩ ጥያቄዎቼን እደረድር ነበር። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? ጤና ጣቢያው በእግር ያስኬዳል? መስጊዱ ሩቅ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ ባዕድ ሰው ቅሬ ያስገባሉ ወይ? ቅሬ በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው፣ ድንኳን የሚጥለው ማኅበር ነው። ብቻዋን የምትኖር አሮጊት ለከተማው ደግነት ሌላ መለኪያ የላትም።

ጦይባ በዚህ ደብተር ትስቅብኝ ነበር። በአሥር ዓመት ታንሰኛለች፤ እታለም ነው የምትለኝ። ዳርሰይት ውስጥ ከሦስት የአገራችን ልጆች ጋር በአንድ ክፍል እየኖረች በየሰዉ ቤት በቀን ሒሳብ ታጸዳለች። አርብ አርብ በአውቶቡስ ሄጄ እዚያው ክፍላቸው ውስጥ እንውል ነበር። ደብተሩን ስገልጥ፣ «እታለም ባል የምትመርጥ እንጂ ከተማ የምትመርጥ አትመስልም» ትላለች፤ የክፍሉ ሴቶች ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ።

ደብተሩ ውስጥ ለሁሉም ጥያቄ ጥሩ መልስ የተጻፈባት አንዲት ከተማ ብቻ ነበረች፤ የጦይባ የትውልድ ከተማ። ውኃ አላት፤ ጤና ጣቢያዋ ከመስጊዱ ጀርባ ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይኖርባታል፤ ቅሬዋም ባዕድ ያስገባል። ወሬው ሁሉ የሚመጣልኝ ከራሷ ከጦይባ ነበር።

ያ ወረርሽኝ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብሎ የጦይባ እናት ጎረቤት የሆኑ ጋሽ ተፈራ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ወደ ልጃቸው ሊጠቃለሉ ቤታቸውን መሸጥ እንደሚፈልጉ ተሰማ። ወንድሟ ሰይድ ፎቶውን በኢሞ ላከላት። ቆርቆሮው የዛገ ሁለት ክፍል ቤት ነው። ጓሮው ግን ሰፊ ነው፤ ሁለት የሎሚ ዛፍ፣ አንድ ማንጎ፣ ከአጥሩ ሥር ደግሞ ጌሾ። ከእናቷ ግቢ የሚለየው የቁልቋል አጥር ብቻ ነው። ጋሽ ተፈራ ቤታቸውን ጎረቤት ለማያውቀው ሰው አልሸጥም ብለው መጀመሪያ የጠየቁት የጦይባን ቤተሰብ ነበር። ጦይባ እንደምትወስደው ለእኔ ነገረችኝ። ለወንድሟ ግን ገና አልነገረችም፤ ዋጋው እንዳይወደድ ትንሽ ላንገራግር ብላ ነበር። ለእኔም እዚያው ከተማ ሌላ ቤት እንደምትፈልግልኝ ቃል ገባች።

ስለ ውኃው ልጠይቃቸው ብዬ የጋሽ ተፈራን ስልክ ቁጥር ተቀበልኳት። ፎቶውንም ወደ ስልኬ አሳለፍኩት። ማማ በተኛች ቁጥር አውጥቼ አየው ነበር። አልዋሽም፤ ቀናሁ። ደብተሩን የያዝኩት እኔ፣ ከተማ ለከተማ የጠየቅሁት እኔ፣ ቤቱ ግን የእሷ።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋ። የጦይባ ሰፈር ያለበት ማትራህና አካባቢው ከሌላው ተለየ፤ ጥቂት ቆይቶ ሙስካት በሙሉ ተዘጋች። እኔ ከአል ሀይል፣ ጦይባ ከዳርሰይት አንወጣም። ረመዷን ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በአንድ እሑድ፣ የክፍል ጓደኛዋ መሪማ ደወለችልኝ። ጦይባ ትኩሳት ይዟት ትንፋሽ ሲያጥራት አምቡላንስ መጥቶ ወስዷታል። ወዴት እንደወሰዷት አልተነገራቸውም፤ እነሱንም ከክፍላቸው እንዳይወጡ ከልክለዋቸዋል። የጦይባ ስልክ ሰኞ ጠርቶ አልተነሳም። ማክሰኞ ተዘጋ።

ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ ወጥ ቤት ሆኜ ለማማ ሾርባ ስሠራ ሰይድ ደወለ።

የእህቱ ስልክ ለምን እንደተዘጋ ጠየቀኝ። ትንሽ አሟት ሐኪም ቤት እንዳለች፣ ደህና እንደምትሆን ነገርኩት። ይህ እውነት ነበር፤ ይህን ያህል ብቻ ነበር የማውቀው። ከዚያ ወደ ቤቱ ነገር ገባ። ሌላ ገዥ መጥቷል፤ ጋሽ ተፈራ እስከ አርብ ቁርጡን ንገሩኝ ብለዋል። ጦይባ ምን እንዳሰበች ታውቂያለሽ ወይ አለኝ።

አውቅ ነበር። ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ‹ትወስደዋለች› ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። አላልኩም። ከኋላው የእናቱ ድምፅ ይሰማል፤ ጦይባ ናት ወይ እያሉ ይጠይቃሉ። እናቲቱ እየሰሙ ቤቱን ለራሴ መጠየቅ አሳፈረኝ።

«ሰይድ» አልኩት፣ «ከእናትህ ራቅ ብለህ አናግረኝ።»

እግሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። «ራቅኩ» አለ።

«ነገ ከሱብሒ ሶላት በኋላ አጎትህን ሐጂ ይማምንና አንድ ሁለት ሽማግሌ ሰብስብና ደውሉልኝ። ለአንተ ለብቻህ የምነግርህ ነገር አይደለም። ለእናትህ አሁን ምንም አትበላት።»

ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «እሺ። ገብቶኛል» አለና ዘጋው።

ሐሳቤ ለሽማግሌዎቹ ጦይባ እንደታመመች፣ መቼ እንደምትነሳም እንደማይታወቅ፣ ቤቱ ለባዕድ ከሚሄድ እኔ እንደምወስደው መናገር ነበር። ቤትና መሬት ያለ ሽማግሌ አይያዝም፤ የለመድኩት ይህን ነው። ሰይድ ስግብግብነቴ ገብቶት ዝም ያለ መሰለኝና ፊቴ ጋለ። ግን ደውዬ ቃሌን አላነሳሁም። ሾርባውን ለማማ ወሰድኩላት።

አገሬን የምታውቁ አንባቢዎች የሠራሁትን ከእኔ ቀድማችሁ አይታችሁታል። እኛ መርዶ በስልክ አንናገርም። የሞተውን ‹ትንሽ አሞት ነው› እንላለን። ቤተሰቡን ‹አጠገብህ ማን አለ? እናትህ እንዳትሰማ› እንላለን። ከዚያ ሽማግሌ ይሰበሰብና ገና ሳይነጋ በር ይንኳኳል። ሃያ ሁለት ዓመት በሰው አገር ስኖር በዚህ መንገድ የስንቱን ሞት ሰምቻለሁ፤ የወንድሜንም ጭምር። እኔ የጓሮ ሎሚ እያሰብኩ አንድ በአንድ የመርዶ ነጋሪ ቃል ስናገር አልታወቀኝም።

ሐሙስ ጠዋት ስልኬን በመቀነቴ አስሬ ጠበቅሁ። አልደወሉም። ረፋድ ላይ እኔ ደወልኩ፤ አይነሳም። ከሰዓትም አይነሳም። ሽማግሌዎቹ ንቀውኝ ነው ብዬ ተቀየምኩ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ሙሉ ስለ ጦይባ ያሰብኩት ሐሳብ ስለ ቤቱ ካሰብኩት ያንሳል።

አርብ፣ መስጊዱ ዝግ ስለሆነ ሙአዚኑ በየቤታችሁ ስገዱ ብሎ አዛን ካደረገ በኋላ፣ መሪማ ደወለች። እያለቀሰች ነበር።

«ለምን ደበቅሽን?» አለችኝ። «ከእሷ ጋር በአንድ ፍራሽ የተኛነው እኛ አይደለንም? ከአገር ቤት ልንሰማ ይገባ ነበር?»

ምን እንደምትል ጠየቅኋት። አክስቷ ከዚያች ከተማ ደውላላት ነው። ሐሙስ ሊነጋ ሲል ለጦይባ እናት መርዶ ተነግሯል። ድንኳን ተጥሏል፤ ሬሳዋ በሌለበት ሰላተል ጋኢብ ተሰግዶላታል፤ ለሰደቃ ወይፈን ታርዷል። እማ ፋጤ፣ የጦይባ እናት፣ ሽማግሌዎቹን በሩ ላይ ሲያዩ ከደፉ ላይ ወድቀው ቀኝ እጃቸው ተሰብሯል።

መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ ጦይባ ሞተች የሚል ነበር። ሐኪም ቤቱ ለቤተሰቧ ደውሎ ይሆናል አልኩ። ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥኩ። መሪማን ማን ነው የነገራቸው አልኳት። ከኦማን ለሰይድ ተደውሎለት ነው የሚባለው፤ ረቡዕ ቀን፤ ማን እንደደወለ አይነገርም አለች። እንዲህ ነው ልማዱ፤ ሰው መርዶ ያመጣበትን እንዳይጠላ ስሙ አይነሳም።

ረቡዕ ቀን ስትል ገባኝ።

ጦይባ አታሳምሪው ያለችኝ አሁን የምጽፈውን አውቃ ይመስለኛል። የጋሽ ተፈራ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። ያችኑ ደቂቃ ደውዬ፣ ‹እኔ ሞታለች አላልኩም፤ እንዴት እንዳለች አላውቅም፤ የጠራኋችሁ ለሌላ ነገር ነበር› ማለት እችል ነበር። አልደወልኩም። ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ነበረኝ፦ ሞታ ቢሆንስ? ዛሬ አለች ብዬ ነገ እንደገና መርዶ ቢሆን ያቺን እናት ሁለት ጊዜ መግደል ነው። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን ‹ለምን ነበር ሽማግሌ የፈለግሽ?› ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው። የረቡዑን ስህተት ልትሉት ትችላላችሁ። የአርቡ ግን ስህተት አይደለም። እማ ፋጤ አንድ ተጨማሪ ቀን ልጃቸውን ያለቀሱት እኔ መልስ ስላልተዘጋጀልኝ ነው።

ለኑራ ነገርኳት። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ከዚያ ቤት ሰው ለራሴ ጉዳይ ምንም ለምኜ አላውቅም፤ ስለዚህ ገና አፌን ስከፍት ደነገጠች። የነገርኳትም ጓደኛዬ ታማ እንደጠፋች፣ አገር ቤት ሞታለች ተብሎ እንደተለቀሰላት ብቻ ነው። በማን ምክንያት እንደሆነ አልነገርኳትም። ኑራ የጦይባን ስምና የመታወቂያ ቁጥር ከመሪማ አስልካ እስኪመሽ ስትደውል ዋለች። አንዱ ወደ ሌላው ይመራታል፤ አንዱ ማፊ፣ የለችም፣ ይላታል፤ አንዱ ቆይተሽ ደውዪ ይላታል። ማማ ከወንበሯ ሆና መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ታየናለች። አመሻሹ ላይ፣ «ያቺ ልጅ እናት አላት?» አለችኝ በአረብኛ። አላት አልኳት። ማማ ሌላ ቃል አልተናገረችም፤ ያን ማታ ግን ምግብ አልበላም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ማማን ቁርስ አብልቼ ስመለስ፣ ኑራ ስልኳን ዘርግታ ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ገባች። አንዲት ነርስ አግኝታለች። ነርሷ ስልኩን ለሰው ስታቀብል ይሰማል። ከዚያ ሳል፤ ከሳሉ በኋላ ድምፅ።

«ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጦይባ።»

«እታለም» አለች፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አልሐምዱሊላህ። ስልኬ ሞተ። ቻርጀር ስላቸው ማፊ ይሉኛል። ምግባቸው ጨው የለውም፤ አንቺ ያበሰልሽው ነው የሚመስለው።»

እየቀለደች ነበር። ኑራ እንድታለቅስ ወይም እንድትስቅ ጠብቃ ፊቴን ታያለች። እኔ ግን የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዤ ቆሜአለሁ።

«ጦይባ፣ እናትሽ አንቺን እያለቀሱ ነው» አልኳት።

«ደህና ነኝ በያታ። ምን ያስለቅሳታል።»

«ድንኳን ጥለዋል። ሰግደውልሻል።»

ከስልኩ የሚሰማው የአንድ ማሽን ድምፅ ብቻ ሆነ። «ማን ነው የነገራቸው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ሞታለች አልሽ?»

«አላልኩም። ሰይድን ከእናትህ ራቅ በል አልኩት። ሽማግሌ ሰብስብና ደውሉልኝ አልኩት።»

«ሽማግሌ ለምን?»

ኑራ አማርኛ አታውቅም። በዚያ ወጥ ቤት ውስጥ የምናገረውን የሚሰማ ሌላ ሰው አልነበረም፤ ቢሆንም ድምፄ ዝቅ አለ። «ለጋሽ ተፈራ ቤት» አልኳት። «ለአርብ መልስ ፈልገው ነበር። አንቺ ታመሽ ሳለ ለራሴ ልጠይቀው ነበር።»

ሳል ያዛት። ሳሉ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ስትመለስ ድምፅዋ ተለውጧል።

«ለእሱ ነው?» አለች።

«ለእሱ ነው።»

«እናቴን አገናኚኝ» አለችኝ።

የነርሷ ስልክ ወደ ውጭ አገር አይደውልም። የእኔን ስልክ አውጥቼ ሰይድን ሞከርኩ፤ አይነሳም። ከዚያ፣ አርብ ዕለት ያልደወልኩበትን ቁጥር ደወልኩ። ጋሽ ተፈራ አነሱ። ከጀርባቸው የብዙ ሰው ድምፅ አለ። ሐዘኑ ቤት ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፤ ከዚያ ጦይባ በሕይወት አለች፣ በሌላው ስልክ ላይ ናት አልኳቸው።

 መምህር ናቸውና እንደ ተማሪያቸው ጠየቁኝ፤ «በጆሮሽ ሰምተሻታል ወይስ ተነግሮሽ ነው?»

«በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

«እንግዲህ የምሥራች በስልክም ይነገራል» አሉና ተነሱ። ሰዉን ይቅርታ፣ አንዴ አሳልፉኝ እያሉ ሲሄዱ እሰማለሁ።

ሁለቱን ስልኮች ድምፃቸውን ከፍ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊት አጋጠምኳቸው። በአንዱ ጦይባ ትተነፍሳለች፤ በሌላው ጋሽ ተፈራ ለእማ ፋጤ ቀስ እያሉ ይነግራሉ። ድንኳኑ ጸጥ አለ።

«እማ» አለች ጦይባ።

 እንደገና ጠራቻቸው። ከዚያ ደረቅ፣ የደከመ ድምፅ መጣ።

«የሰው ድምፅ ይመሳሰላል» አሉ እማ ፋጤ። «ልጄ ከሆንሽ፣ ከአገር ስትወጪ በጓዝሽ ውስጥ ምን ከተትኩልሽ?»

«የአባባን ካልሲ» አለች ጦይባ። «አውሮፕላን ይበርዳል ብለሽ። አንዱ እግር ቀዳዳ ነበረው፣ እማ። አልሰፋሽውም።»

ከዚያ በኋላ የተሰማውን አልጽፈውም። እልልታውም ልቅሶውም ተቀላቅሎ ከሁለቱ ስልኮች አንዱ የሌላውን ድምፅ እየመለሰ ያፏጭ ጀመር። ኑራ ቋንቋውን ሳታውቅ ታለቅሳለች። ትንሽ ጋብ ሲል እማ ፋጤ፣ ማን አገናኘን ብለው ጠየቁ።

ጦይባ ዝም አለች። ያን ዝምታ እስከ ዛሬ ሰዓት በእጄ ይዤ እንደቆጠርኩት ያህል አውቀዋለሁ። «እታለም ናት» አለች በመጨረሻ። ሌላ አልጨመረችም። እማ ፋጤ ይመርቁኝ ጀመር። ምርቃታቸው ሳያልቅ የነርሷ ስልክ ተቋረጠ።

ጦይባ ከሐኪም ቤት ከወጣች በኋላ ለሁለት ወር ያህል አልደወለችልኝም። እኔም አልደወልኩም፤ ምን ብዬ። ማትራህ ተከፍቶ አውቶቡስ ሲጀምር በአንድ አርብ ወደ ባሕር ዳሩ መንገድ፣ ወደ ኮርኒሹ፣ ነይ ብላ መልእክት ላከችልኝ። ከስታለች። አፏን የሸፈነችበት ጭምብል ለፊቷ ሰፍቶ ነበር። የባሕሩን አጥር ተደግፈን ቆምን፤ በመካከላችን አንድ ሰው የሚያቆም ቦታ ትታ። ይቅርታ ልጠይቃት ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ።

ነገሩን በአጭሩ ነገረችኝ። ጋሽ ተፈራ ያን ቅዳሜ ሌላውን ገዥ መልሰውታል። እናቷም ጋሽ ተፈራም ቤቱ የምሥራቹን ለነገረችን ለዚያች ሴት ይሁን ብለዋል። አልፈልገውም አልኳት። ከልቤ ነበር።

«ትፈልጊዋለሽ» አለችኝ። «ለእሱ ነበር እኮ።»



«ሰይድን አፉን አስይዤዋለሁ፤ ለማንም አይናገርም» አለች። «ለአንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ። እናቴ ስለ እኔ ጓደኛ አንድ ደግ ነገር አምናለች፤ በእርጅናዋ አልነጥቃትም። እጇ ተጣሞ ነው የገጠመው። ማንቆርቆሪያ አታነሳም። ሰይድ ለሥራ ወደ ሌላ አገር ሊሄድ ነው፤ እኔ ገና አራት አምስት ዓመት እዚህ አለሁ፤ ሥራ ትቼ ጓሮ ብይዝ ምን ልበላ ነው። ሄደሽ አጠገቧ ኑሪ። ለሶላቷ ውዱእ አስደርጊያት።»

«እውነቱን ልንገራቸውስ?» አልኳት።

«እኔ ስመለስ፣ እኔ ባለሁበት። ከዚያ በፊት ቀለል እንዲልሽ ብለሽ እሷ ላይ እንዳትጭኚው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ የድሮዋ ጦይባ ለአፍታ ብቅ አለች፤ «ሰደቃዬን እንደሆነ በልተውታል። አሁን ብሞት ሁለተኛ አያርዱልኝም።»

ሁለታችንም አልሳቅንም።

ማማ በሚቀጥለው ዓመት አረፈች፤ አገሩ ሰላም ሆኖ መንገዱ ሲከፈትም ገባሁ። አሁን ይህን የምጽፈው ሎሚው ሥር ተቀምጬ ነው። ከተማ የምትፈልጉ፣ በተለይ እንደ እኔ በሰው አገር ያረጃችሁ፣ ደብዳቤ ጽፋችሁ ብትጠይቁኝ የደብተሬን ጥያቄዎች በሙሉ እሰጣችኋለሁ፤ ሁሉም ጠቃሚ ናቸው። ውኃው በሳምንት አራት ቀን ይመጣል። ኑሮው አይከብድም። ሰዉ ደግ ነው፤ በገባሁ በወሩ ቅሬ አስገብተውኛል፣ መዋጮም ለጊዜው አትክፈይ ብለውኝ ነበር። ነገር ግን በደብተሬ ስለ ከተማው ሁሉን ስጠይቅ ስለ ራሴ የጠየቅሁት አንድም አልነበረም። ደግ ሰው መሐል ለመኖር ቤት ብቻ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። አይበቃም። ደግነታቸውን በየቀኑ መቀበል አለ። ያ የሚከብድ መሆኑን ክፉ ጎረቤት ያላት ሴት አታውቀውም።

እማ ፋጤ ስሜን አይጠሩኝም። ብስራቴ ነው የሚሉኝ፤ ከተማው በሙሉ ከእሳቸው ሰምቶ እንዲያ ይለኛል። በየማለዳው በቁልቋሉ ክፍት በኩል እሻገርና ውኃ አፈስላቸዋለሁ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ወደ ውጭ ዞሯል፤ ጣቶቻቸው አይገጥሙም። ያን እጅ ከነክርኑ በእጄ ይዤ አጥባለሁ። ሰግደው ሲጨርሱ ሁለቱንም እጆቻቸውን ያነሳሉ፤ የተጣመመው ከሌላው ዝቅ ይላል። መጀመሪያ ለልጆቻቸው፣ ከዚያ ለእኔ ዱዓ ያደርጋሉ፤ የልጄን ድምፅ ያሰማችኝን እድሜዋን ያርዝምልኝ፣ መጨረሻዋን ያሳምርልኝ ይላሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ አሚን እላለሁ።

ቀጥለው፣ አንድም ቀን ሳይዘልሉ፣ «ያን የሐሰት መርዶ የላከብኝን አላህ የእጁን ይስጠው» ይላሉ።

አሚን እላለሁ።